ሁለት መኪና ለአንድ ቃሬዛ

እንየው ደሳለው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ አስቀድሞ የሚያየው የሰውየውን ፊት ሳይሆን የመጣበትን መኪና ሆድ ነው። አንድ ጊዜ ሠርግ ቤት፣ ሙሽራዋ ገና ሳትወርድ፣ በሙሉ ልብሱ መሬት ላይ ተንጋሎ ከመኪናው ሥር ገባ። ሚዜዎቹ ደንግጠው “ምን ጠፋ?” ሲሉት፣ “ምንም አልጠፋ። የዚህን ዓይነት ዲፈረንሻል አይቼ አላውቅም ነበር” አለና አቧራውን አራግፎ ወደ ድንኳኑ ሄደ። በደሴ የሰፈሩ የሆጤ ሰው ይህን ጠባዩን ስለሚያውቅ ከሙሽራዋ በቀር የተገረመ አልነበረም።

የተወለደው ከቢስቲማ ወዲያ፣ ወይራ አምባ በምትባል ከገደል አናት ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። በልጅነቱ መኪና ወይራ አምባ ደርሶ አያውቅም። ድምፁ ብቻ ከወንዝ ማዶ ይሰማና ይጠፋል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ መኪና ያልለመደው። ጎልምሶ ደሴ ገባ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ በአንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ሹፌርነት ተቀጥሮ ደቡብ ወሎን ከቆላ እስከ ደጋ አገላብጦ ነድቶ ጡረታ ወጣ። ሌላው ጡረተኛ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንየው ቤተ ክርስቲያን ስሞ መናኸሪያ ይወርድና መኪና ያያል።

የሆጤ ቅሬ መኪና ለመግዛት ሲያስብ ሌላ ሰው አላፈላለገም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የሆጤው ቅሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ባንድ ይዟል። ቀባሪውም አልቃሹም አንድ ነው፤ የሚለያየው ጸሎቱ ብቻ ነው። ከአባላቱ ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ በመሆናቸው መኖሩን ደሴ ይኖራሉ፤ መቀበር የሚፈልጉት ግን ከአባቶቻቸው አጠገብ ነው። ይህ ምኞት በአስፋልት ዳር ለተወለደ ሰው ቀላል ነው። ወይራ አምባ ለተወለደ ግን መኪናው ራሱ ጥያቄ ይሆናል።

ሁለት ያገለገሉ መኪኖች ተገኙ። አንዷ ደሴ ያለ ነጋዴ የሚሸጣት ነጭ ላንድክሩዘር ናት፤ ሹፌሮች ሃርድቶፕ የሚሏት ረጅሟ። ሁለተኛው ኮምቦልቻ የቆመ አረንጓዴ ላንድሮቨር ነው፤ እሱም ረጅሙ። ዋጋቸው እኩል ስለሆነ ጭቅጭቁ ያለቀ መስሎ ነበር። እንዲያውም ያኔ ተጀመረ። ግማሹ ቅሬ ነጯን፣ ግማሹ አረንጓዴውን ይዞ ሲከራከር የቅሬው ዳኛ ጋሽ ፈንታሁን እጃቸውን አነሡ። ጋሽ ፈንታሁን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቃል እንደ ጨርቅ ቆጥበው ነው የሚቆርጡት።

“እንየው ሁለቱንም ይፈትን” አሉ። “ከዚያ ይንገረን።” ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ “ባጭሩ ይንገረን።”

እንየው ራሱን ነቀነቀ። ለእሱ ነገሩ የቅሬ ሥራ ብቻ አልነበረም።

አባቱ አቶ ደሳለው የሞቱት ክረምት ላይ ነው። ቅሬው የጭነት መኪና ተከራይቶ አስከሬናቸውን ወደ ወይራ አምባ ይዞ ሲሄድ፣ ቀበሮ ውሃ የሚባለው ወንዝ ዳር ሲደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ እዚያ አካባቢ ስልክ አይሠራም። የወይራ አምባ ሰው ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ወገብ ላይ ካለው ትልቅ ዋርካ ሥር ቆሞ ሲጠብቅ ዋለ። እነሱ ከወንዙ ወዲህ መኪና ሲገፉ ዋሉ። በመካከላቸው የዳገቱ እጥፋት ስለነበር አይተያዩም። ሲመሽባቸው አቶ ደሳለውን ወንዙ ዳር ባለች ትንሽ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቀበሯቸው። ጥሩ ቦታ ነው፤ ጥላም አለው። ግን አገራቸው አይደለም።

እናቱ እማማ ወለተ ማርያም ስለዚህ ነገር አያለቅሱም። አልፎ አልፎ ብቻ፣ ምሳ እየበሉ ሳለ፣ “አባትህ እንግዳ ሆኖ ቀረ” ይላሉ። ከዚያ ወጥ ይጨምራሉ። በዚህ ዓመት ጉልበታቸው ሲደክም ግን ሌላ ጥያቄ ጨመሩ፦ “እኔንስ ወንዝ ዳር ነው የምታወርደኝ?”

“አላወርድሽም፣ እማየ” አለ እንየው። ይህን ቃል የሰጠው በየትኛው መኪና እንደሚፈጽመው ሳያውቅ ነበር።

በማግስቱ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወርዶ ሙዓዊያ ጋራዥ ገባ። ሙዓዊያ መካኒክ ነው፤ ጋራዡም ከደረቅ ወደቡ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ሁለቱ የተዋወቁት እንየው የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለጥገና ሲያመጣ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ላንድክሩዘር ይበልጣል ላንድሮቨር በሚለው ላይ ይጨቃጨቃሉ። እንየው ጡረታ ቢወጣም ጭቅጭቁ አልወጣም።

“ሃርድቶፕህ ትደርሳለች፤ አልካድኩም” አለ ሙዓዊያ፣ አረንጓዴውን መኪና በጨርቅ እየወለወለ። “አጥንትህ ግን በሌላ መኪና ይደርሳል።”

“ያንተው ደግሞ ሲሄድ እንደ ሙሽራ ይወዛወዛል።”

“ወላሂ፣ መወዛወዙ እኮ ነው ጥበቡ! ጎማው መሬቱን ይከተላላ!”

እዚህ ላይ ነገሩን ማስረዳት ያስፈልጋል፤ እንየውም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ያስረዳል። ሁለቱም መኪኖች ሪዶታ አላቸው። ሪዶታ ማለት ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን የሚያበዛ ተጨማሪ ማርሽ ነው። ሪዶታ የገባ መኪና ሸክም ይዞ ገደል እንደሚወርድ ሰው፣ እያንዳንዱን እርምጃ አስቦ ይረግጣል። ከዚህ በኋላ ጠባያቸው ይለያያል። ሃርድቶፗ በአዘቦቱ በኋላ ጎማዎቿ ብቻ ትነዳለች፤ አራቱንም የምታንቀሳቅሰው ስትታዘዝ ነው። ላንድሮቨሩ ግን ቢታዘዝም ባይታዘዝም አራቱንም ሁልጊዜ ያንቀሳቅሳል። ሃርድቶፗ ከኋላ የተቀመጠችው በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረበ የብረት ቅጠል ላይ ስለሆነ ሸክም ትችላለች፤ ግን ትደርቃለች። ላንድሮቨሩ በአራቱም በኩል በተጠቀለለ ሞላ ላይ ስለተቀመጠ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ይወርዳል፣ ጉብታ ሲያገኝ ይወጣል።

እንየው ከሁሉ የሚወደው ግን የሃርድቶፗን መቆለፊያ ነው። ዲፈረንሻል ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ ሲያካፍል አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ለቀለለው ያደላል። አንዱ ጎማ አየር ላይ ቢንጠለጠል ጉልበቱ ሁሉ ወደ እሱ ሄዶ መሬት ላይ ያለው ዝም ይላል። ይህቺ ሃርድቶፕ ከፋብሪካ ስትወጣ ይህን የሚያስቆም መቆለፊያ ከፊትም ከኋላም ተገጥሞላታል። ጋቢናው ውስጥ ያለችውን ማዞሪያ ስታዞራት ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ብረት አብረው ይዞራሉ። እንየው ማዞሪያዋን ሲያሳይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ፈተናው ራሱ ወይራ አምባ እንዲሆን ተስማሙ። እንየው ሃርድቶፗን፣ ሙዓዊያ ላንድሮቨሩን ይነዳሉ፤ ጋሽ ፈንታሁን ምስክር ይሆናሉ። ባዶ መኪና መፈተን ዋጋ የለውም ብሎ እንየው ቃሬዛና አንድ ጆንያ ጤፍ አዘጋጀ። እማማ ወለተ ማርያም ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያዩታል።

“ጆንያው ለምንድነው?”

“በሬሳ ፈንታ ነው፣ እማየ። ሲወዛወዝ፣ ሲንሸራተት ለማየት።”

“ክብደቱስ?”

“ያንችን ያህል።”

“ታዲያ እኔ እያለሁ ጤፉ ምን አጠፋ?” አሉና ነጠላቸውን አነሡ። “የምሄደው እኔ ነኝ። መንገዱን እኔ ልየው።”

እንየው ሊከራከር አሰበ። ነገር ግን የፈተና ነገር ስለሚገባው፣ ትክክለኛው ሸክም ካለ አምሳያውን መጫን ትክክል እንዳልሆነ ተረዳ። ጤፉን መልሶ ጎተራ አስገባው።

እስከ ቢስቲማ በላንድሮቨሩ ሄዱ፤ ማለትም ሙዓዊያ ነዳ፣ ጋሽ ፈንታሁን ከፊት ተቀመጡ፣ እማማ ወለተ ማርያም ከኋላ ቃሬዛው ላይ ተጋደሙ፣ እንየውም በሃርድቶፗ ከኋላ ተከተለ። ሐይቅን አልፈው ጥርጊያው መንገድ ሲጀምር አቧራው ስለበዛ እማማ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሙዓዊያ በመስተዋቱ እያየ በየመታጠፊያው ይጠይቃል።

“ተመቸዎት፣ እማማ?”

መልስ የለም።

“እማማ! አብሽሩ፣ ደህና ነዎት?”

“ሬሳ አይናገርም” አሉ ከነጠላው ሥር። “ንዳ።”

ቢስቲማ የገበያ ቀን ነበር። እንየው ከገበያው ዳር አስቆማቸው፤ በዕቅዱ መሠረት ከዚህ በኋላ ሸክሙ ወደ ሃርድቶፗ መዛወር አለበት፤ በዚያውም የበሩ ነገር ይታያል። የላንድሮቨሩ የኋላ በር አንድ ስለሆነ ቃሬዛውን ሲያወጡ በጎን ዘንበል ማድረግ ነበረባቸው። እማማ ተንሸራተቱ፤ ግን አልተናገሩም። የሃርድቶፗ በር ግን እንደ ቁም ሣጥን ለሁለት ይከፈታል፤ ቃሬዛው ምንም ሳይነካ ገባ።

“በር እኮ ዳገት አይወጣም” አለ ሙዓዊያ።

“ልክ ነህ” አለ እንየው። “በር አይቆጠርም።”

የቢስቲማ ገበያተኛ ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። ፊቷ የተሸፈነ፣ የማትንቀሳቀስ አሮጊት ከአንዱ መኪና ወርዳ በቃሬዛ ወደ ሌላው ስትገባ አየ። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቧ ቆመዋል። ጋሽ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን ያወለቁት ስለ ሞቃቸው ነበር። ከገበያተኞቹ መካከል የነበረች አንዲት የወይራ አምባ ሴት እንየውን አወቀችው፤ አፏን በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ ስልኳን አወጣች። አሁን እዚያ አካባቢ ስልክ ይሠራል።

እነ እንየው ይህን አላዩም። ከቢስቲማ ወጥተው ዋናው ፈተና ወደሚጀምርበት ገቡ። መጀመሪያ ያገኙት መንገዱን አቋርጦ የተቀመጠ እንደ ደረጃ ያለ ድንጋይ ነው። ላንድሮቨሩ የፊት ጎማዎቹ ከአፍንጫው ብዙ አይርቁም፤ ስለዚህ ድንጋዩ ከምንም ነገር በፊት ጎማውን አገኘ፤ ጎማው ደግሞ መውጣት ሥራው ስለሆነ ወጣ። እንየው በሃርድቶፗ ቀጥ ብሎ ቢመጣ ድንጋዩ የፊት መከላከያዋን እንደሚነካ ስላወቀ በሰያፍ፣ አንድ ጎማ አስቀድሞ፣ ሌላውን አስከትሎ አወጣት።

“አንድ ለዜሮ!” አለ ሙዓዊያ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ።

“ሁለታችንም እዚህ ነን” አለ እንየው።

ቀጥሎ ጎርፍ በሰያፍ የቆረጠው ቦይ መጣ። እንዲህ ያለ ቦይ ሲሻገሩ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ጎማ ጉብታ ላይ ሲወጡ፣ የቀሩት ሁለቱ መርገጫ ያጣሉ። የአራት ጎማ መኪና እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ እንየውም ወርዶ ቦዩን በስንዝር ከለካ በኋላ ፊቱ በደስታ በራ። ላንድሮቨሩ ቀደመ። ሙዓዊያ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን የመሐሉን ዲፈረንሻል ቆለፈና ቀስ ብሎ ገባ፤ ጎማዎቹ እንደ ድመት እግር ወደ ጉድጓዱ ተዘረጉ፣ መሬቱን ፈልገው አገኙት፣ መኪናው ተጣሞ ተሻገረ። ምንም ጎማ አየር ላይ አልቀረም። እንየው አጨበጨበ። ለጠላቱ ያጨበጨበው በቅንነት ነው።

ቀጥሎ ተራው የሃርድቶፗ ሆነ። ደረቁ ባሌስትራ እንደ ሞላው ስለማይዘረጋ አንድ የኋላ ጎማ ተነሥቶ አየር ላይ ተንጠለጠለ። መኪናዋ ቆመች። ጎማው በባዶ ዞረ። እንየው ይህን ነበር የሚጠብቀው። ማዞሪያዋን አዞራት፣ ከሥር የተሰማውን ትንሽ ድምፅ አዳመጠ፣ ነዳጅ ሰጠ። አየር ላይ ያለው ጎማና መሬት ላይ ያለው እኩል ዞሩ፤ ሃርድቶፗም አንድ እግሯ ተነሥቶ እንኳ ምንም እንዳልጎደለባት ተራምዳ ተሻገረች። በመጨረሻው ላይ ከፍ ብላ ዱብ አለች።

“ሬሳ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተነሥቶ ነበር” የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

“ይቅርታ፣ እማየ።”

“እኔ ምን አገባኝ። ንዳ።”

ጋሽ ፈንታሁን የማን ድል እንደሆነ ጠየቁ። እንየውና ሙዓዊያ እኩል መናገር ጀመሩ፤ አንዱ መሬትን ስለመከተል፣ ሌላው መሬት ሳያስፈልግ ስለመሄድ። ጋሽ ፈንታሁን ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ።

“እኩል ነው በሉኛ” አሉ።

በመሆኑም ውሳኔው ለመጨረሻው ዳገት ተቀጠረ። ከቀበሮ ውሃ ማዶ ወደ ዋርካው፣ ከዋርካው ወደ ወይራ አምባ ማርያም የሚወጣው ዳገት ድንጋዩ ተንከባላይ፣ መታጠፊያው ጠባብ ነው። እንየው ይህን ዳገት በሕልሙ ስንት ጊዜ ነድቶታል። በዚህ የወጣችው መኪና እናቱን አገሯ ታደርሳለች፤ ያልወጣችው አታደርስም። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር።

የመጨረሻውን መታጠፊያ ዞረው ወንዙ ሲታያቸው እንየው ፍሬን ያዘ። ከወንዙ ወዲህ፣ አባቱ ከተቀበሩበት ገብርኤል ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ሰው ሞልቶታል። ወንዶቹ ተኮልኩለው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይመታሉ። ቄሱ በጃንጥላ፣ ሼህ ሙሄዲን በጥምጣማቸውና በከዘራቸው ጎን ለጎን ናቸው።

“ማን ሞተ?” አለ እንየው፤ ከልቡ ደንግጦ ወርዶ ሮጠ።

ሼህ ሙሄዲን አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እሳቸው ያባቱ የልብ ወዳጅ ነበሩ።

“ልጄ፣ እናታችንን አመጣህልን! አላህ ያጽናህ!”

“ማንን?”

“አፈር ስሆን፣ ወለቴን!”

“አልሞተችም” አለ እንየው።

“እኛስ መቼ አመንን” አሉ ሼሁ እያለቀሱ።

“ኧረ በሕይወት አለች! መኪና ልንፈትን ነው የመጣነው!”

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሰው፣ “ሐዘኑ ነው፤ ውሃ ስጡት” አለ። ውሃ ሰጡት። ሙዓዊያም “ወላሂ፣ ደህና ናቸው! አሁን አናግረውኛል!” ብሎ ቢምል እሱንም ደግፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ጋሽ ፈንታሁን ሁኔታውን ለማስረዳት ቃል ሲመርጡ፣ ስምንት ጎረምሶች የሃርድቶፗን በር ለሁለት ከፍተው ቃሬዛውን በአንድ ስበት አወጡት። ትከሻ ላይ ሲወጣ ዓይን ጨፍኖ የመክፈት ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደም። ወንዙ ውስጥ ገቡ።

እማማ ወለተ ማርያም ሁሉንም ሰምተዋል። ወዲያው መናገር ይችሉ ነበር። በኋላ እንደነገሩት ግን፣ ሰው ስለ እሳቸው ምን እንደሚል የመስማት ዕድል ስላገኙ ትንሽ ለመቆየት ወሰኑ። አንዷ ሴት እጃቸው ለድኻ የተዘረጋ ነበር አለች። ሌላዋ፣ በልጅነታቸው እንደሳቸው የሚዘፍን አልነበረም አለች። ሦስተኛዋ ስለ አንድ ያልመለሱት ወንፊት አነሣች።

“ሰጥቻታለሁ!” አሉ እማማ ተነሥተው።

ጎረምሶቹ ወንዙ መሐል ደንዝዘው ቆሙ፤ ቃሬዛው ዘመመ።

“እንዳትጥሏት!” ጮኹ ሼህ ሙሄዲን ከዳር። “ሞተችም አልሞተችም ትከሻ ላይ የወጣ ሰው መንገድ ላይ አይወርድም! ቀጥሉ!”

ቀጠሉ። ለቅሶው እንዴት ወደ ሳቅ እንደዞረ ማንም አላየም፤ ወንዙን ሲጨርሱ እልልታ ነበር። እማማ ቃሬዛው ላይ ቁጭ ብለው፣ አንድ እጃቸውን ባንዱ ጎረምሳ ራስ ላይ አሳርፈው፣ ከላይ ሆነው ሰላምታ እየሰጡ ዳገቱን ወጡ። ተሸካሚ ሲደክም ሌላው ትከሻውን ያስገባል፤ ማንም ማንንም አላዘዘም። በዚያ ተንከባላይ ድንጋይ ላይ፣ በዚያ ጠባብ መታጠፊያ፣ ቃሬዛው እንደ ውሃ ቀጥ ብሎ ሄደ።

እንየው ከሥር ሆኖ ተመለከተ። ስምንት ትከሻ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል፤ አንዱ ቢስት የቀሩት ይይዛሉ። ከየትኛውም ሞላ የተሻለ ነው ብሎ አሰበ፤ መቆለፊያም አለው።

ያም ሆኖ የጀመረውን የሚያቋርጥ ሰው ስላልሆነ ወደ መኪናው ዞረ።

“የት ነው?” አሉ ሼህ ሙሄዲን።

“ዳገቱን ልፈትነው ነዋ።”

“በመኪና? ማንን ልታወጣበት?” ሼሁ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ። “እንየው፣ ከቀበሮ ውሃ ወዲያ ሰው በትከሻችን ነው የሚገባ።”

“ድሮ እስከ ዋርካው በመኪና ነበር እኮ። ከዋርካው ነበር የምትቀበሉ።”

“ድሮ ነበር።” ሼሁ ወደ ገብርኤል ደጅ ተመለከቱ። “ያባትህ ጊዜ ዋርካው ሥር ቆመን ስንጠብቅ እናንተ እዚህ ጭቃ ትገፉ ኖሯል። ማታ ስንሰማ መሬት ብትውጠን ደስ ባለን። ከዚያን ቀን ወዲህ ዋርካው ሥር ማንም አይጠብቅም። ድምፅ ከተሰማ እንወርዳለን። በመኪና እዚህ አድርሱልን፤ ሌላውን ለኛ ተዉት።”

እንየው የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ስንት ዓመት በሕልሙ የነዳው ዳገት የሹፌር ሥራ አልነበረም።

ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ሲደርስ እናቱ ዋርካው ሥር ተቀምጠው ወንፊቱ መመለስ አለመመለሱን እየተከራከሩ ነበር። ሼህ ሙሄዲን የተናገሩትን ነገራቸው። እማማ ወደ ወንዙ፣ ገብርኤል ወዳለበት አቅጣጫ ፊታቸውን አዞሩ።

“አፍረው ነው ለካ” አሉ። “እኔኮ የረሱት መስሎኝ ነበር።” በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉ። “በቃ። እደርሳለሁ።”

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ማርያም ግቢ ሁለት ትጉህ ሰዎች የእማማን መቃብር እስከ ጉልበት ቆፍረው ነበር። ቄሱ ባዶውን መድፈን ደስ ስላላላቸው የወይራ ችግኝ ተከሉበት። እማማ አዩትና፣ “ይሄ ሲያድግ እኔ የት ልገባ ነው?” ብለው ጠየቁ። ቄሱ ጎን ለጎን በቂ ቦታ እንዳለ አረጋገጡላቸው።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበ። እንየው ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ ሞላና ስለ ባሌስትራ፣ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል ስለሚሆነው ሁሉ አስረዳ። የሰው ሻይ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ጋሽ ፈንታሁን እጃቸውን አነሡ።

“የትኛዋ?”

“ሃርድቶፗ።”

“በምን በለጠች?”

“በበሯ።”

ሙዓዊያ ከኮምቦልቻ የመጣው ፍርዱን ለመስማት ነበር። ተነሥቶ ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ ስምንቱ ጎረምሶች ቃሬዛውን በአንድ ስበት ሲያወጡት ትዝ አለው፤ መልሶ ተቀመጠ።

“በር ከሆነ” አሉ ጋሽ ፈንታሁን ቀስ ብለው፣ “ሁለቱንም እዚሁ ደጅ አቁመን ማየት አንችልም ነበር?”

“አንችልም ነበር” አለ እንየው። “በር እንደሚቆጠር በምን እናውቃለን?”

እማማ ወለተ ማርያም የራሳቸውን ውሳኔ የሰጡት ከዚያ በፊት ነው። ከወይራ አምባ ሲመለሱ ሃርድቶፗን አልፈው ላንድሮቨሩ ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። እንየው ቅር ብሎት ሲያያቸው፣ “ስሞት በዚያች ውሰደኝ” አሉ። “እስከዚያው ግን ወገቤን ያመኛል።” ሙዓዊያ ይህን እስከ ዛሬ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ያወራል፤ የመጨረሻውን ግማሽ ብቻ።

ሃርድቶፗ ዛሬ የቅሬው ናት፤ የሚነዳትም እንየው ነው። ወደ ወይራ አምባ ሲሄድ በበጋ እንኳ፣ ውሃው ቁርጭምጭሚት በማይደርስበት ጊዜ፣ ቀበሮ ውሃ ላይ ሞተሩን ያጠፋል። ሁለቱን በሮች ይከፍትና ይጠብቃል።

መቆለፊያውን ከዚያን ቀን ወዲህ ለሥራ አዙሮት አያውቅም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ነገር ካልተነካ ዝጎ ስለሚይዝ፣ አልፎ አልፎ ሆጤ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቆልፈዋል፤ ወርዶ ከሥር ተንጋሎ ያየዋል፤ መልሶ ይከፍተዋል። እናቱ ከደጃፉ ሆነው እግሩን ብቻ ያያሉ።

“ዛሬስ ይቆለፋል?”

“ይቆለፋል፣ እማየ።”

“ጎሽ” ይላሉ። “ለማንኛውም።”